የማንነት መረጃ የሚጠይቅ መጥሪያን የሚቃወም ጠበቃ ያገኘሁበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ድርጅት በብዕር ስም የጻፍኩትን አስተያየት ስም ማጥፋት ነው በማለት «ጆን ዶ» በሚል፣ ስሙ ላልታወቀ ተከሳሽ በሚሰጥ መጠሪያ ከሰሰኝ፤ ቀጥሎም አስተያየቱን ያስተናገደው አገልግሎት ሰጪ እውነተኛ ስሜንና የአይፒ አድራሻዬን (የኢንተርኔት ግንኙነቴን የሚለየውን ቁጥር) እንዲያስረክብ መጥሪያ አደረሰው። አገልግሎት ሰጪው መረጃውን ከመስጠቱ በፊት ስላሳወቀኝ፣ በቅድሚያ የማስረከቢያውን ቀን አጣርቼ መጥሪያውን በፍርድ ቤት እንደምቃወም በጽሑፍ አስታወቅሁት፤ አንዴ የተሰጠ ስም ተመልሶ አይሸሸግምና።

ከባዱ ጠበቃ ማግኘቱ ነበር። የስም ማጥፋት ክርክር የሚያውቅ ሁሉ መጥሪያ የማሻር አቤቱታን ያውቃል ማለት አይደለም። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት ለሚሟገቱት ድርጅቶች፣ ለኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና ለፐብሊክ ሲቲዝን፣ የመጥሪያውንና የክሱን ቅጂ ከቀነ ገደቡ ጋር ላክሁ፤ ጎን ለጎንም መጥሪያው በወጣበት ግዛት የሚገኘውን የጠበቆች ማኅበር የማገናኛ አገልግሎት ጠየቅሁ፤ ጠበቃው በዚያ ግዛት የመሥራት ፈቃድ ሊኖረው ይገባልና። ያነጋገርኳቸውን ጠበቆች ሁሉ የጠየቅኋቸው፣ የኒው ጀርሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 በዴንድራይት ጉዳይ፣ የደላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በካሂል ጉዳይ ባስቀመጧቸው መስፈርቶች ተከራክረው ያውቁ እንደሆነ ነበር። ሁለቱም ውሳኔዎች ከሳሽ የጸሐፊውን ማንነት ከማግኘቱ በፊት ክሱን የሚደግፍ ማስረጃ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ፤ በእኔ እምነት ማንነቱን ሳይገልጽ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የጠነከረ ጋሻ የለም።

በመጨረሻ ያገኘኋቸው ጠበቃ ስሜን ሳይገልጹ አቤቱታውን አቀረቡ፤ ከሳሹም በቂ ማስረጃ ስላላቀረበ ፍርድ ቤቱ መጥሪያውን ሻረው።