ውሻ ከማምጣታችሁ በፊት

ቡቺን ያመጣኋት ከኩታበር ነው። አክስቴ ናት የሰጠችኝ። የሁለት ወር ቡችላ ነበረች፤ ካርቶን ውስጥ ሆና ሚኒባሱን እስከ ደሴ ድረስ ስታስለቅሰው መጣች። ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። ግቢው ጠባብ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩ ደግሞ በትከሻ ካልገፉት የማይዘጋ። ያኔ ስለ ደንብም ስለ ሕግም ያሰብኩት ነገር አልነበረም። አሁን ሰው ውሻ ላሳድግ ነው ሲለኝ የምነግረው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ጎረቤት። ቀበሌ እንኳ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በአንድ ወገን ሐጂ አሉ፣ በሌላው እማማ። ሐጂ ለሱብሂ ሲወጡ ገና ጨለማ ነው፤ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካው ሳያጥቡት አይሰግዱበትም። እማማም በዚያው ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን ይወጣሉ። እኛ ደግሞ ውሻን ቀን አስረን ማታ መልቀቅ ልማዳችን ነው። ስለዚህ የምትለቁት ግቢያችሁ ውስጥ ብቻ ይሁን፤ ሳይነጋም መልሳችሁ እሰሩት። እኔ ሐጂን ያናገርኳቸው ዘግይቼ ነው። «ልጄ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ ሰንሰለቱን እኔው እገዛልህ ነበር» አሉኝ። አፈርኩ።

ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋ። ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ካርዱን ከቤት ካርታ ጋር አስቀምጡት፤ ውሻው ሰው የነከሰ ቀን መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። አንገቱ ላይም ማሰሪያ አድርጉለት። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ የሚወገዱበት ጊዜ አለ፣ መርዝ ደግሞ የሰው ውሻ ነው ብሎ አይተውም። ደንቡ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ምዝገባ ይኑር አይኑር፣ ማስታወቂያ ወጥቶ እንደሆነ ቀበሌ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አንድ ቅዳሜ ጀሪካን ተሸክሜ ስገባ በሩን በደንብ አልገፋሁትም። ቡቺ ወጣች። የጎረቤት ልጅ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ይዞ ሲመለስ ባቱን ነከሰችው። እኔ ስደርስ እናቱ ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ጠቅጥቀውበታል። «አብሽር፣ ደሙን ያቆመዋል» ይላሉ እኔኑ እያጽናኑ። ቡናም፣ በርበሬም፣ አመድም አታድርጉ። ቁስሉ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ። 15 ደቂቃ ሲታጠቡት ረጅም ነው፣ ሰዓት ያዙ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ክትባቱ የለም ብሎ መለሰን፤ ሁለተኛው ቦታ አገኘን። ነገ እንመለሳለን ብላችሁ እንዳትተኙ፤ ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ሰፈሩ «ግደላት» አለኝ። አትግደሉ። የነከሰውን ውሻ አስራችሁ አሥር ቀን ተከታተሉት። አሥሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የልጁ ክትባት ግን ያን ቀን አይጠብቅም፤ ወዲያው ይጀመራል።

ወጪውን ማን ይችላል? እኔ ነኛ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 ቁርጥ አድርጎ ነው የተናገረው፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም፣ ያልታሰበ ጉዳት ቢያደርስም ባለቤቱ ይጠየቃል። «በሩ በነፋስ ተከፍቶ ነው» ብሎ ነገር አይሠራም። ሕጉ መውጫም አለው፤ የቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው ለቅቆ ከኃላፊነት መገላገል። ጥፋቱ የባለቤቱ ከሆነ ግን አይሆንም። እናቲቱ ቡቺን ቢቀበሉኝ ኖሮ እንኳ፣ በሩን የተውኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሳይገባ ተስማማን፤ የሕክምናውን ከፈልኩ፣ የፈሰሰውንም ዱቄት ተካሁ።

ለበዓል ከሰኞ ገበያ በግ ገዝታችሁ ግቢ የምታቆዩም ይኸው ሕግ ይመለከታችኋል። ገመዱን አሳጥሩት፣ አስፋልት ዳር አትሰሩት፣ በጠጡን ቦይ ውስጥ አትድፉት። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ልቅ ግጦሽ የተከለከለበትን ተፋሰስ ለዩ። ከብቱ የተከለለ ቦታ ገብቶ ከተያዘ ቅጣቱን የሚወስነው የማኅበረሰቡ ውስጠ ደንብ ነው፤ ከከተማ የመጣ ዘመድ አማላጅ ቢሆን ሰሚ የለውም። ሣሩን አጭዶ ቤት መቀለብ ነው።

ወደ ቦረና ሳይንት ፓርክ ወይም ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የምትወጡ፣ ውሻችሁን ቤት ተዉት። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ነው፤ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዚያ አካባቢ ውሻ ያለው ዘመድ ካላችሁ ስለ ክትባት ንገሩት።

የአክስቴን ሦስት ውሾችም ዘንድሮ አስከተብናቸው። ሁለቱ ዝም ብለው ተወጉ። ሦስተኛው፣ የቡቺ ወንድም፣ ገብሱ ውስጥ ገብቶ አልያዝ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብን። የተረገጠውን ገብስ አክስቴ እኔ ላይ ጽፋዋለች።