ጅምላ ነጋዴ ከልክ በላይ አትርፏል ብላችሁ ከመጠቆማችሁ በፊት

ለዓመታት የቸርቻሪዎችን ሂሳብ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ጥቆማዬን ለዋጋ ተቆጣጣሪዎች ይዤ ስሄድ በእጄ የነበረው አንድ ደረሰኝ ብቻ ነበር። ባለሙያዋ አየት አደረገችውና «ይሄ ዋጋ ነው፤ ትርፉ የታለ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዋጋ መናሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። አምራቹም ጥሬ ዕቃውን በውድ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስላት ይቀድማል።

የአንድን ዕቃ ደረሰኞች በቀን ደርድሩ፤ ጭማሪው ከመጀመሩ በፊት ያሉትንም ጨምሩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ክብደትና ብዛት ፎቶ አንሱ። ዋጋው ሳይነካ ውስጡ ያለው ሲቀንስ አይቻለሁ፤ ደረሰኙ ላይ ግን ያው «1 ካርቶን» ነው የሚለው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አከፋፋዩ (ጅምላ ነጋዴው) በ100 ገዝቶ በ125 ከሸጠ፣ በገዛበት ላይ የጨመረው 25 በመቶ ነው። ያው 25 ከሽያጩ ሲታይ ግን 20 በመቶ ነው፤ 25ን ለ125 አካፍሉት። ሁለቱም ልክ ናቸው። የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ካልጻፋችሁ ግን የአከፋፋዩ ጠበቃ በዚችው ቁጥር ማመልከቻችሁን ውድቅ ያስደርገዋል። ከ25ቱ ላይ ማጓጓዣና መጋዘን 10 ከወሰደ ደግሞ በእጁ የቀረው 15 ብቻ ነው። ይህንን ሳትቀንሱ «ይህን ያህል አተረፈ» አትበሉ።

የአከፋፋዩን የግዢ ዋጋ ካላወቃችሁ በግምት አትሙሉት። የሌሎች አከፋፋዮችን ዋጋ በተመሳሳይ ሳምንት ሰብስቡ፤ የወጪ ሰነዱን መሥሪያ ቤቱ እንዲያስቀርበው በማመልከቻው ጠይቁ። ይህቺ ጥያቄ ትልቅ ነገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዩናይትድ ብራንድስ በተባለው የሙዝ ሻጭ ኩባንያ ጉዳይ፣ ከልክ ያለፈ ዋጋ ማለት ከዕቃው ኢኮኖሚያዊ ዋጋ ጋር ተመጣጣኝ ግንኙነት የሌለው ነው ብሏል። ግን ኩባንያውን ጥፋተኛ ያለው ተቆጣጣሪ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን፣ የኩባንያውን ወጪ ሳይመረምር ስለወሰነ ያ የውሳኔው ክፍል ተሻረ። ተቆጣጣሪው ራሱ ያለ ወጪ ማስረጃ በዚህ ነጥብ ተሸነፈ!

መለኪያው እንደየአገሩ ስለሚለያይ ሕጉን አንብቡ። በማሌዥያ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕግ ሥር፣ የነጋዴው የትርፍ መቶኛ ከራሱ የቀድሞ መቶኛ ጋር ይነጻጸራል። በካሊፎርኒያ የአደጋ ጊዜ ሲታወጅ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር ክልክል ነው፤ ሻጩ የራሱ ወጪ መጨመሩን ካስረዳ ግን ይታለፋል።

አንድ ነገር አደራ። ከከፈላችሁት ያነሰ ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ አትቀበሉ። ያ ወረቀት ነገ የሚመሰክረው ለአከፋፋዩ ነው። «ሌላ ቦታ ግዛ» ቢሏችሁም በእውነተኛው ዋጋ አስቆርጡ።

ስታስገቡ ዋናውን ሰነድ ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ኮፒውን ስጡ። የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉም ከመስኮቱ ንቅንቅ አትበሉ።