ስለ ፔኪንግ ኦፔራ (የቻይና ባህላዊ የዘፈን ትያትር) ተዋንያን ድራማ ለመቅረጽ
ታሪኩ በ1930 እ.ኤ.አ. የሚካሄድ ከሆነ የሴት ሚናውን፣ «ዳን»ን፣ ለወንድ ተዋናይ ስጡ፤ የዘመኑ ስመ ጥር ዳን ሜይ ላንፋንግም (1894–1961) ወንድ ነበር። ስትፈትኑት ከመልኩ ይልቅ እጁንና አረማመዱን እዩ። መልክን ሜካፕ ይሠራዋል፤ ረጅሙን ነጭ የሐር እጅጌ ወርውሮ መልሶ መሰብሰብ ግን የወራት ልምምድ ይጠይቃል።

ትልቁ ፈተና የራስ ማሰሪያው ነው። ቅንድብና ዓይንን ወደ ላይ ለመሳብ ግንባር ላይ ጠብቆ ይታሰራል፤ ሲቆይ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል። ስለዚህ በተዋናዩ ቦታ ሌላ ሰው አቁማችሁ መብራቱንና ካሜራውን አስተካክሉ፤ ተዋናዩ መጨረሻ ላይ ይታሰር። ከላላ ቅንድቡ ይወርድና ቀረጻዎቹ አይገጣጠሙም።

ዘፈኑን አስቀድማችሁ በስቱዲዮ ቅረጹ። ለመድረኩ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይበቃል። የግድግዳ ጽሑፎችን ግን ተጠንቀቁ፦ ያኔ ፔኪንግ (የዛሬዋ ቤጂንግ) ቤይፒንግ ትባል ነበር፤ ዛሬ የሚታዩት የቀለሉ የቻይና ፊደላትም የታወጁት በ1956 ነው።