አይጥን ለእርባታ ማስገባት ከስንተኛው ሳምንት እስከ ስንተኛው ወር?

እዚህ የምንናገረው ስለ ትንሿ አይጥ (mouse) ነው፣ ስለ ትልቋ (rat) አይደለም። ሴት አይጥ ከተወለደች 6 ሳምንት ሳይሞላት ማርገዝ ትችላለች። ማርገዝ ቻለች ማለት ግን ለመውለድ ደርሳለች ማለት አይደለም። ለቤት እንስሳነት ለሚያረባም፣ ለእባብና ለመሰል ሥጋ በል እንስሳት ቀለብ ለሚያረባም ልኩ አንድ ነው፦ ሴቷ ከአውራ ጋር የምትገናኘው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሲሆናት፣ ወንዱ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ሲሞላው ነው። የላይኛው ገደብም አይዘንጋ። የመጀመሪያዋን እርግዝና ከ6 ወር በፊት ብታገኝ ይመረጣል፤ ሳትወልድ 8 ወር ያለፋት ሴት ጨርሶ ባትጠቃ (ከወንድ ጋር ባትገናኝ) ይሻላል።

በምርምር ቤተ ሙከራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ማጣመር የተለመደ ነው። እዚያ የሚፈለገው ትውልድን ቶሎ መተካት ነው፤ መኖው፣ ሙቀቱና ብርሃኑ ሁሉ ተለክቶ ይሰጣል። ቤት ውስጥ ለሚያረባ ሰው ያ ጥድፊያ ትርፍ የለውም።

ያለጊዜዋ ያረገዘች አይጥ ራሷም ገና በማደግ ላይ ናት። የምትበላው ለራሷ አጥንትና ለፅንሶቹ ይከፋፈላል፤ ሁለቱም ሳይጠግቡ ይቀራሉ። የምትወልዳቸው በቁጥር ያንሳሉ፣ በክብደትም ይቀላሉ፤ ወተቷም ቶሎ ይነጥፋል። ግልገሎቿን ትቶ መሄድ ወይም መብላት በልጅነታቸው በወለዱት ላይ በብዛት ይታያል። ዘግይታ የምትጀምረው ደግሞ ሌላ ችግር አለባት፦ የወር አበባ መሰሉ ዑደቷ ይዛባል፣ ስብ ታከማቻለች፣ ምጥ ይጠናባታል። ግልገሉ መውጣት አቅቶት እናትም ልጅም የሚሞቱት በአብዛኛው እንዲህ ባሉት ላይ ነው።

ዕድሜ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሚዛን ያስፈልጋል። ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ትንሽ ዕቃ አስቀምጣችሁ በሳምንት አንድ ቀን መዝኗት። በየሳምንቱ ክብደቷ ዘሎ የሚጨምር ከሆነ ገና እያደገች ነው። ጭማሪው ሲረጋ ደርሳለች። ዝርያዋ በተፈጥሮው ትንሽ ካልሆነ በስተቀር 20 ግራም ያልሞላች ሴት 12 ሳምንት ቢሆናትም ትጠብቅ። የምታስነጥስ፣ ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ የሚሰማባት ወይም ፀጉሯ የቆመ ሴት በየትኛውም ዕድሜ አትግባ። እርግዝና የመተንፈሻ በሽታን ያብሳል፤ በሽታው ለልጆቹም ይተርፋል።

አብዛኛው ያለዕድሜ እርግዝና በውሳኔ አይመጣም። ወንድምና እህትን አብሮ በማቆየት ነው የሚመጣው። «ገና ሕፃናት ናቸው» እየተባለ አንድ ሳጥን ውስጥ 6 ሳምንት ይሞላቸዋል፣ ከዚያ ሁሉም እህቶች በአንድ ጊዜ ሆዳቸው ይገፋል። እናታቸውም አብራቸው ካለች አትተርፍም። ስለዚህ ወንዶቹ 4 ሳምንት ሲሞላቸው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ፣ ከእናታቸውም ከእህቶቻቸውም ይለዩ። 5ኛው ሳምንት ድረስ መጠበቅ ቁማር ነው።

ለመለየት ፆታቸውን ማወቅ ግድ ነው። ቀላሉ ጊዜ በ9ኛውና በ11ኛው ቀን መካከል ነው፤ ፀጉሩ ገና ስስ ስለሆነ የሴቶቹ ጡት ጫፎች በሆዳቸው ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ እንደ ትንንሽ ነጠብጣብ ይታያሉ። በጠቅላላው 10 ናቸው። ወንዱ ላይ ምንም አይታይም። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ፀጉሩ ይሸፍናቸዋል። ያ ጊዜ ካመለጠ በፊንጢጣና በብልት መካከል ያለውን ርቀት ማየት ነው፦ የወንዱ የሴቷን እጥፍ ያህል ይርቃል። አንዱን ለብቻ ይዞ መገመት ያሳስታል፤ ሁለት ግልገል ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ። የዘር ፍሬ አላየሁም ብሎ ሴት ናት ማለትም አይሆንም፤ ወንዱ ሲያዝ ወደ ሆዱ ይስበዋል።

ዕድሜውም ክብደቱም ሲሟላ ማገናኘቱ ብዙ ሥራ የለውም። ሴቷ በየ4 ወይም 5 ቀኑ አንድ ሌሊት ያህል ብቻ ወንድ ትቀበላለች። ሴቶች ወንድ ሳይሸታቸው ብቻቸውን ሲቆዩ ይህ ዑደት ይዘገያል ወይም ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከአውራው ሳጥን አንድ እፍኝ ያደረ ጉዝጓዝ ወስዳችሁ ሴቶቹ ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። የሽንቱ ሽታ ዑደቱን ያስነሳዋል፤ ብዙዎቹ በሦስተኛው ሌሊት ዝግጁ ይሆናሉ። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሴቷን ወደ ወንዱ ሳጥን አስገቡ፣ ወንዱን ወደ እሷ አይደለም፤ የራሷን ክልል ለመከላከል ትነክሰዋለች። ለአንድ አውራ አንድ ወይም ሁለት ሴት ለጀማሪ ይበቃል።

በማግስቱ ማለዳ ብልቷን ተመልከቱ። ነጣ ያለ፣ ሰም የመሰለ ድፍን ከታየ ተጠቅታለች። ድፍኑ በአንድ ቀን ውስጥ ስለሚወድቅ ባታዩትም ተስፋ አትቁረጡ፤ ቢያንስ ሁለት ዑደት እንዲያልፍ 10 ቀን አብረው ይቆዩ። በመጀመሪያዎቹ 4 እና 5 ቀናት ግን አውራ አትቀይሩ። አዲስ ወንድ ከሸተታት የያዘችው ፅንስ ሊቀር ይችላል። እርግዝናው ከ19 እስከ 21 ቀን ሲሆን ሆዷ በግልጽ የሚታየው በ14ኛው ቀን ገደማ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ሴት ካለች አውራው ከመውለዷ በፊት ይውጣ። ሴት አይጥ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ወንድ ትቀበላለች፤ አብሯት ካለ እያጠባች ታረግዛለች። እያጠቡ የተያዘ ፅንስ ማህፀን ላይ ለመጣበቅ ስለሚዘገይ ሁለተኛው እርግዝና ከ21 ቀን አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ ቀን ቆጥራችሁ ሲያልፍ አትደንግጡ። ለጎለመሰች አይጥ ከባድ የሆነው ይህ ጫና 12 ሳምንት ላይ የጀመረችውን ያደቃታል።

መኖዋ ከእርግዝናው ጀምሮ ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ይኑረው፤ ውሃ ለአንድ ሌሊት እንኳ አይቋረጥ። የጠርሙሱን ጫፍ በየቀኑ በጣት ነክታችሁ ውሃ መውጣቱን አረጋግጡ፣ የአየር አረፋ ብዙ ጊዜ ይዘጋዋል። የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ለጎጆ ሽታ የሌለው ሶፍት ይበቃታል፤ የጥድ ሰጋቱራ ግን ሽታው ሳንባዋን ይጎዳል። ሳጥኑን በ17ኛው ቀን አጽዱና ግልገሎቹ አንድ ሳምንት እስኪሞላቸው ዳግም አታጽዱት።

ዕድሜዋን በትክክል መምረጣችሁ የሚታወቀው ከወሊድ በኋላ ነው። 1 ግራም ወይም ትንሽ ከፍ የሚሉ፣ ፀጉር የሌላቸው ከ6 እስከ 12 ግልገሎች ትወልዳለች። እናቲቱ ለመብላት ስትወጣ ጎጆውን በትንሹ ገልጣችሁ ሆዳቸውን እዩ፦ በግራ ጎናቸው በስሱ ቆዳ ውስጥ ነጭ ነገር ካበራ ወተት ጠግበዋል። በማግስቱ ነጩ ከሌለ አላጠባችም ወይም ወተት የላትም። ልጆቿን ከበላች በመጀመሪያ የውሃ ጠርሙሱን፣ ቀጥሎ ግርግሩን፣ ከዚያ ዕድሜዋን መርምሩ። አንድ ወር አሳርፋችሁ ሌላ ዕድል ስጧት። ከደገመችው እርባታዋ ይብቃ፤ ሴት ልጆቿንም ለዘር አታስቀሩ።

ግልገሎቹ ከ21 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ጡት ይጥላሉ። ከዚያ እናቲቱ ቢያንስ 2 ሳምንት ትረፍ። እንዲህ ከሄደች ከወሊድ እስከ ወሊድ 9 ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ በ12 ሳምንቷ የተጠቃች ሴት በ15ኛው፣ በ24ኛውና በ33ኛው ሳምንቷ ትወልዳለች ማለት ነው። ያኔ 8 ወር ሊሞላት ነው፣ ታቁም። ለቀለብ የሚያረቡ ሰዎች ከሁለተኛው ወሊድ ጀምሮ አውራውን ሳያወጡ 5 ወይም 6 ጊዜ ያስወልዳሉ። ይቻላል፤ ግን ሴቷ ትከሳለች፣ ኋላ የሚመጡት ግልገሎችም ያንሳሉ። የግልገሎቹ ቁጥር በተከታታይ ሁለቴ ከቀነሰ ወሯ ባይደርስም አስወጧት።

አውራው የበለጠ ይቆያል፤ ጤነኛ ከሆነ አንድ ዓመት አልፎትም ያስረግዛል። ከሌላ ያደገ ወንድ ጋር ግን አታኑሩት፣ በተለይ ሴት ከቀመሰ በኋላ እስከ መገዳደል ይጣላሉ።

ለተተኪነት ከሁለተኛው ወሊድ ሴቶች መምረጥ ይመቻል። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የተሻለ ቁመና አላቸው፤ ደግሞ እነሱ 12 ሳምንት ሲሞላቸው እናታቸው የምታርፍበት ጊዜ ስለሚገጥም ምርቱ አይቋረጥም። አባታቸው ያኔም በጉልበቱ ስለሚሆን እሱኑ መስጠት ይቀናል፤ እናንተ ግን ሌላ አውራ ፈልጉላቸው። የእያንዳንዷ የልደት ቀንና የወላጆቿ መለያ ሳጥኗ ላይ ይለጠፍ፤ ያደጉ አይጦችን በዓይን አይቶ ዕድሜ መናገር አይቻልምና።