በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነጻ የአካባቢ ጥበቃ ዘጋቢ ፊልም ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ። ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተክላል፣ አንዳንዴም ግቢ ያጸዳል። ተማሪውን አንድ ላይ አስቀምጦ ስለ ውኃው፣ ስለ አፈሩና ስለ ደኑ በቅጡ የሚያነጋግር መድረክ ግን ብዙም አይታይም። ነጻ የዘጋቢ ፊልም ምሽት ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል። አዳራሹ ግቢው ውስጥ ነው፣ ተመልካቹ ከመኝታ ክፍሉ በእግሩ ይመጣል፣ ወጪውም ከአንድ ዙር የቲሸርት ኅትመት ያነሰ ነው። የሚጠይቀው ሁለት ወር ገደማ ዝግጅትና ሥራ የሚከፋፈሉ አምስት ስድስት ሰዎች ነው።

1. ከፊልሙ በፊት ጉዳዩን ምረጡ

ስለ ዋልታ በረዶ መቅለጥ የሚያሳዩ ድንቅ ፊልሞች ሞልተዋል። ለመጀመሪያው ምሽት ግን ከግቢው አጥር ማዶ ካለው ጉዳይ ጋር የሚገናኝ ፊልም ፈልጉ። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ጣናና እምቦጭ አሉላችሁ። ሐረማያ ከሆናችሁ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደርቆ ኋላ ውኃ የተመለሰለት ሐይቅ ደጃችሁ ነው። ደብረ ታቦር ላይ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቀሩት የደቡብ ጎንደር ደኖች አሉ። አዲስ አበባ ደግሞ የአቃቂ ወንዝና ከ110 በላይ ሰዎች ያለቁበት የ2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር መደርመስ አደጋ አሉ። ፊልሙ ስለ ራሳችሁ አካባቢ የተሠራ ባይሆንም ችግር የለውም። ስለ ሌላ አገር ሐይቅ የተሠራ ፊልም ጣናን ለሚያውቅ ሰው ብዙ ይነግረዋል።

ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይሻላል። ከአንድ ረጅም ፊልም ሁለት አጫጭር ፊልሞች ይመረጣሉ፤ ለውይይት ጊዜ ይተርፋልና።

2. ፈቃድ ጠይቁ

«መግቢያው ነጻ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም» ሲባል ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ትክክል አይደለም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ የማሳየት መብት የሥራው አመንጪ ነው። ዩቲዩብም በአገልግሎት ውሉ ላይ ቪዲዮዎቹ ለግል እይታ እንጂ በአደባባይ ለማሳየት እንዳልቀረቡ በግልጽ ጽፏል። የተፈጥሮን ሀብት እናክብር እያልን የሰውን ድካም ሳንጠይቅ ብንወስድ ነውር ነው።

መንገዱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 2009 የወጣው «ሆም» የተሰኘው የያን አርቱስ-ቤርትራንድ ፊልም ሰው ሁሉ በነጻ እንዲያየው ታስቦ የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነ ጊዜያችሁን አስቡበት። ኔትፍሊክስ ለተወሰኑ የራሱ ዘጋቢ ፊልሞች ለትምህርት የሚሆን የማሳያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ቅድመ ሁኔታው መግቢያ አለማስከፈልና በዝግጅቱ ገንዘብ አለማሰባሰብ ነው። በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ባለመብቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ በሚሰጠው ክፍት ፈቃድ፣ የተለቀቁ ፊልሞችም አሉ። እነሱን ስትጠቀሙ የአዘጋጁን ስም መጥራት ግዴታ ነው። «ማሻሻል አይፈቀድም» የሚል ከተጻፈበት ደግሞ ትርጉም ማከልም እንደ ማሻሻል ስለሚቆጠር ለብቻው ጠይቁ።

እኔ የምመርጠው ለአዘጋጁ በቀጥታ መጻፍን ነው። አሥር መስመር ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ ቀኑንና ቦታውን፣ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ መግቢያው ነጻ መሆኑን፣ ከምስሉ ሥር የሚነበብ የትርጉም ጽሑፍ ልትጨምሩ እንደምትፈልጉና ቅጂውን ለማንም እንደማትሰጡ ግለጹ። መልሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ላኩ። ፈቃዱ ሲመጣ አትማችሁ ከማመልከቻዎቻችሁ ጋር አስቀምጡት።

3. የትርጉም ጽሑፍ አዘጋጁ

ብዙ አዘጋጆች የሚዘሉት ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማየው እሱን ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ስለሚማር ይበቃዋል ይባላል። በሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ፣ በማያውቀው የአነጋገር ለዛ የሚነገር እንግሊዝኛ ግን ግማሹ ያመልጠዋል። ከዚያም በላይ የግቢው ጥበቃ፣ የካፌ ሠራተኛዋ፣ ከሐይቁ የመጣው ዓሣ አጥማጅ ተጋብዘው ሳይገባቸው ቢመለሱ ምሽቱ ለማን ተዘጋጀ? ቋንቋውን እንደ ቦታው ምረጡ፤ ሐረማያ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ ሐዋሳ ላይ ሲዳምኛ ከአማርኛው ሊቀድም ይችላል።

ሥራው ውድ ሶፍትዌር አይጠይቅም። ኖትፓድ ክፈቱና ለእያንዳንዱ ንግግር ተራ ቁጥር፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት፣ ከዚያም ጽሑፉን አስፍሩ፤ በየመሐሉ አንድ ባዶ መስመር ተዉ። እንዲህ፦

12
00:04:31,000 --> 00:04:35,500
ውኃው ሲሸሽ
ዓሣውም አብሮት ሸሸ።

ፋይሉን ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) አድርጉት፤ ቅጥያው ኤስአርቲ (.srt) ይሁን፤ ስሙ ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር አንድ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ማኅደር ካስቀመጣችኋቸው ቪኤልሲ ማጫወቻ ጽሑፉን ራሱ ያነሣዋል። በፊደላችን ፋንታ ባዶ ሣጥኖች ከታዩ አትደንግጡ፤ በቪኤልሲ ምርጫዎች ውስጥ የትርጉም ጽሑፍ ክፍል ገብታችሁ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ለውጡት። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አታሳዩ። ከኋላ ወንበር የሚነበብ መሆኑንም አዳራሹ ውስጥ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የአንድ ሰዓት ፊልም ለአንድ ሰው ብዙ ነው፤ ለአራት ከፍላችሁ፣ አንድ ሰው በመጨረሻ ሁሉንም ያንብብና ያቃናው።

ጊዜ ካጠረ በማይክሮፎን እየተከተለ የሚተረጉም ሰው አቁሙ። ተርጓሚው ፊልሙን አስቀድሞ ደጋግሞ አይቶት መሆን አለበት።

4. ቀን፣ አዳራሽ፣ ደብዳቤ

በክበቡ ስም ለተማሪዎች ዲን ማመልከቻ ጻፉ። ግልባጩን ለጥበቃ ክፍል ስጡ፤ ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን ስም ዝርዝር አያይዙ። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ እንግዳ በር ላይ ቢንገላታ የሚያሳፍር ነው። ጄኔሬተሩን ለሚቆጣጠረው ክፍልም ሌላ ግልባጭ ይድረስ።

ቀኑን ስትመርጡ የፈተና ሳምንትን፣ የአጽዋማትንና የሶላት ሰዓትን፣ የካፌ እራት ሰዓትንና ትልቅ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ያለበትን ምሽት ሽሹ። የመጨረሻውን አቅልላችሁ አትዩት፤ አዳራሽ ባዶ ያደርጋል። መጋቢት 13 የሚውለው የዓለም የውኃ ቀን ወይም ግንቦት 28 የሚውለው የዓለም የአካባቢ ቀን ጥሩ አጋጣሚ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ይጨልምላችኋል፤ 3 ሰዓት ላይ ብትጨርሱ ሴት ተማሪዎች ያለ ስጋት ወደ መኝታቸው ይመለሳሉ። መንገዱ ጨለማ ከሆነ አብረው የሚሄዱ ሰዎችን አስቀድማችሁ መድቡ።

ከአንድ ቀን በፊት ሙሉ ሙከራ አድርጉ። ፊልሙ ፍላሽ ላይም ላፕቶፕ ላይም ይኑር፤ ኢንተርኔት አትመኑ። ኤልሲዲው (ፕሮጀክተሩ) በቪጂኤ ገመድ የሚሠራ ከሆነ ገመዱ ድምፅ ስለማያስተላልፍ ለድምፅ ማጉያው ለብቻው ገመድ ያስፈልጋል። መብራት ከጠፋ የቆመበትን ደቂቃ ጻፉ፤ አምፖል ያለው ኤልሲዲ እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ አብሩት። በዚያ መሐል ዝም አትበሉ፤ ውይይቱን ጀምሩት።

5. እንግዳውን አክብራችሁ ጥሩ

ከመምህራን አንድ የመስኩ ባለሙያ መጋበዝ የተለመደ ነው። ከጎኑ ጉዳዩን የሚኖረውን ሰው አስቀምጡ። በደንገል ታንኳ ጣና ላይ የሚወጣ ዓሣ አጥማጅ እምቦጭ መረቡን እንዴት እንደሚይዝበት፣ ታንኳው በየት በኩል ማለፍ እንዳቃተው ሲናገር ከማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ በላይ ይገባል። ግብዣውን ራሳችሁ ሄዳችሁ ንገሩት፤ የትራንስፖርት ወጪውን ሸፍኑ፤ የፊት ወንበር ስጡት። ቃልም መጀመሪያ ለእሱ ስጡ። ምሁሩ ቀድሞ ከተናገረ እንግዳው «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ዝም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ የጠራችሁበትን ነገር አጣችሁት ማለት ነው።

አወያዩ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ብሎ አይጀምር፤ «ጥሩ ነበር» ከሚል መልስ በቀር አያመጣም። «ካያችሁት ውስጥ እኛ ጋር ያለው የቱ ነው? የሌለውስ?» ብሎ ይጠይቅ። አስተያየት ሰጪ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይያዝ። የሚባለውን የሚጽፍ ሰው ይኑር። ለውይይቱ አርባ ደቂቃ መድቡ፤ ፊልሙ ቢረዝምም ከዚህ ላይ አትቀንሱ።

6. ጥሪውና መስተንግዶው

ማስታወቂያ በመኝታ ሕንፃዎች፣ በካፌ በርና በቴሌግራም ቡድኖች ይውጣ። የፊልሙ ርዕስ፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ «መግቢያ በነጻ» እና የትርጉሙ ቋንቋ ይበቃል። ለጥበቃዎችና ለጽዳት ሠራተኞች ግን በቃል ንገሯቸው፤ ወረቀቱን ሲያዩ ለተማሪ ብቻ ይመስላቸዋል። ለመስተንግዶ በሳፋ ቆሎ፣ በጀሪካን ውኃና ከካፌ የተዋሳችሁት ብርጭቆ ይሁን። ስለ ፕላስቲክ ብክለት ተነጋግሮ አዳራሹን የፕላስቲክ ጠርሙስ መጣያ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

7. በማግስቱ

በውይይቱ ላይ ሥራ ከተነሣ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር እምቦጭ ለመንቀል፣ የፈቃደኞችን ስምና ስልክ እዚያው መዝግባችሁ በማግስቱ ጥሩአቸው፤ ሳምንት ካለፈ ግማሹ ይበተናል። ለፊልሙ አዘጋጅ ስንት ሰው እንዳየውና ምን እንደተጠየቀ ጻፉለት፤ ፈቃዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ቅጂውን አጥፉ። ለተማሪዎች ዲን አንድ ገጽ ሪፖርት ከምስጋና ጋር አስገቡ። የተረጎማችሁትን ፋይል ደግሞ፣ ባለመብቱ ከፈቀደ፣ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ክበቦች ላኩላቸው።