«ትናንት ገዛሁ»ን በስፓኒሽ ለማለት

የእህቴ ልጅ ደሴ እኛ ቤት ነው የምታድረው። ማታ ማታ ስልኳ ላይ ስፓኒሽ ታጠናለች። ሰሞኑን ያለፈ ጊዜ ላይ ደረሰችና ደብተሯን ከደነችው። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ መጨረሻ አልያዝ አለኝ» አለች። «አብሽሪ፣ አማርኛሽ ያግዝሻል» አልኳት።

ስፓኒሽ የተማርኩት ኩባ ነው። በደርግ ጊዜ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ወደምትባለው ደሴት ከተላኩት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ለእሷ ያሳየኋትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

«ኮምፕራር» መግዛት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን «አር» አንሱ። «ኮምፕር» ይቀራል። አሁን ቀጥሉበት። ገዛሁ፣ ኮምፕሬ። ገዛህ ወይም ገዛሽ፣ ኮምፕራስቴ። ገዛ ወይም ገዛች፣ ኮምፕሮ። ገዛን፣ ኮምፕራሞስ። እነሱ ገዙ፣ ኮምፕራሮን። «ገዛችሁ» ኩባ ውስጥ ያው ኮምፕራሮን ነው። ስፔን ከሄዳችሁ ኮምፕራስቴይስ ትሰማላችሁ።

እኛ «ገዛሁ» ስንል «እኔ» ማለት ግድ የለብንም። «ሁ» ራሷ ማን እንደገዛ ትናገራለች። ስፓኒሽም እንደዚያው ነው፤ «ዮ» የሚለውን «እኔ» ይጥለዋል። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ግን በየዓረፍተ ነገሩ ዮ፣ ዮ ይላል። የእህቴን ልጅ መጀመሪያ ያስተውኳት ይሄንን ነው።

ቀጥሎ ድምፅ አለ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። «ኮም» ላይ ጫን ብላችሁ ኮምፕሮ ካላችሁ «እገዛለሁ» ነው። «ፕሮ» ላይ ከጫናችሁ «ገዛ» ይሆናል። የእኛን «ይመታል» አስቡት፤ ሲላላ ሌላውን ይመታል፣ ሲጠብቅ ራሱ ይመታል። በስፓኒሽ ጽሕፈት ኮምፕሬና ኮምፕሮ ያለፈ ጊዜ ሲሆኑ የመጨረሻዋ ፊደል አናት ላይ ትንሽ ጭረት አለች። እሷን መዝለል ትርጉሙን መቀየር ነው።

አክብሮት ላይ ደግሞ አማርኛችን ያሳስተናል። ኩባ በገባሁ ሰሞን አንዲት ትልቅ ሴት እቃ ይዘው ሲመጡ «ገዙ?» ልላቸው ፈለግኩ። አንቱ ስለሆኑ በብዙ ቁጥር «ኮምፕራሮን?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ሌላ ሰው አብሯቸው እንዳለ ዞር ብለው አዩ። በስፓኒሽ «ኡስቴድ»፣ ማለትም እርስዎ፣ የሚሄደው ከ«ገዛ» ጋር ነው። «ኮምፕሮ?» ነበር ማለት ያለብኝ። ወሎ ውስጥ ታላቅን አንቱ ብሎ ላደገ ሰው ነገሩ ይከብዳል፣ ግን አክብሮቱ አይጎድልም።

ሌላው ቀላል ነው። መጨረሻቸው «ኤር» እና «ኢር» የሆኑት አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ኮሜር»፣ መብላት፦ ኮሚ፣ ኮሚስቴ፣ ኮሚዮ፣ ኮሚሞስ፣ ኮሚዬሮን። «ቢቢር»፣ መኖር፣ ይህንኑ ይከተላል።

«ትናንት» በስፓኒሽ አየር ነው። አዎ፣ እንደምንተነፍሰው አየር ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ አይረሳም። ይህቺ ቃል ታስፈልጋችኋለች። «ቶማሞስ ካፌ» «ቡና እንጠጣለን»ም «ቡና ጠጣን»ም ሊሆን ይችላል። አየር ስትገባ ነገሩ ይለያል።

ይሄ ሁሉ አንዴ ሆኖ ላለቀ ነገር ነው። ድሮ ዘወትር «እገዛ ነበር» ለማለት ሌላ አለ፤ ኮምፕራባ ይባላል። በአማርኛ «ገዛሁ» የምትሉ ከሆነ ኮምፕሬ፣ «እገዛ ነበር» የምትሉ ከሆነ ኮምፕራባ። አብዛኛውን ጊዜ ይሄ መለኪያ ይበቃል።

ለልምምድ የምመርጠው ሰዓት አለኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሐረጎን ጥምዝምዝ ስንወጣ፣ የትናንትን ውሎ በልቤ በስፓኒሽ እናገራለሁ። አየር ትራባሄ፣ ትናንት ሠራሁ። ኮሚ፣ በላሁ። አብሌ ኮን ሚ ኤርማና፣ ከእህቴ ጋር አወራሁ። ደሴ እስክንገባ አሥር ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

የእህቴ ልጅም ጀምራዋለች። ቅዳሜ ቡናው ሲፈላ እናቷን እያየች «አየር ሚ ማማ ኮምፕሮ ካፌ» አለች። «ፕሮ» ላይ ጫን ብላ።