ከአረጋውያን ጋር ይርቡክ ስትገልጡ አትሳሳቱ

እዚህ አሜሪካ አረጋውያን በመንከባከብ እንጀራ የምትበሉ ሁሉ ያቺን የከሰዓት ሰዓት ታውቋታላችሁ። መድኃኒቱ ተውጧል፣ ምሳው ተነሥቷል፣ ቴሌቪዥኑ ሰልችቷል። ይሄኔ አንዷ እናት ከመደርደሪያው ላይ ጠንካራ ልባስ ያለው ሰፊ መጽሐፍ እንዲወርድላቸው ይጠይቃሉ። ይርቡክ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ተማሪውን፣ መምህሩን፣ ቡድኑንና ጭፈራውን በፎቶ ሰብስቦ የሚያሳትመው። ቁርሳቸውን የረሱ ሰው የክፍል ጓደኞቻቸውን ስም በተርታ ሲጠሩ ትሰማላችሁ። ጨዋታው የሚጥመው ያኔ ነው፤ እኛም ቀባጥረን የምናበላሸው ያኔ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ከዘመን ቆጠራው እንነሣ። «የሃምሳ ስድስት ምሩቅ ነኝ» ሲሉ ልባችን ወደ ራሱ ሃምሳዎች ይሮጣል፤ ወደ ታኅሣሡ ግርግር፣ ወደ መሬት ላራሹ ሰልፍ። የሳቸው 1956 ግን የኛ 1948 ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገቡበት ዓመት ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ የጃንሆይን የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት እያከበረች ነበር። ሒሳቡን ካወቃችሁ ሌላም ነገር ይገጥምላችኋል። በእነሱ 1962፣ በኛ 1955 መባቻ ላይ፣ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገብተው አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ለአባቶቻችን ጠመኔ ይዘው የቆሙት ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ከጥቂት ዓመት በፊት እንዲህ ባለ መጽሐፍ ላይ ጸጉራቸውን አስተኝተው ፎቶ የተነሡት ልጆች ናቸው። ስለዚህ «ከዚያስ ወዴት ሄዱ?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ሁለተኛው፣ ጭፈራውን ሁሉ «ፓርቲ» ብሎ መጠቅለል። አንድ ቀን ልጆች ጫማቸውን አውልቀው የሚጨፍሩበትን ፎቶ አይቼ «ፕሮም ነው?» ብል፣ እናትየው «በካልሲ? ፕሮም?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። ያኛው ሶክ ሆፕ ነው። ጫማው የሚወልቀው ለፋሽን አይደለም፤ ጭፈራው የስፖርት አዳራሹ ውስጥ ስለሆነ የተወለወለው የቅርጫት ኳስ ወለል እንዳይጫር ነው። ሆምካሚንግ የጥቅምት አካባቢ ነገር ነው፦ የድሮ ምሩቃን ይመለሳሉ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ አለ፣ ንግሥት ትመረጣለች። ፕሮም ደግሞ በክት ልብስ የሚጨፈርበት፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የሚደገስ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ደጋሾቹ አሥራ አንደኛ ክፍሎች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ኬክ ሸጠው፣ መኪና አጥበው ባጠራቀሙት ገንዘብ ተመራቂዎቹን ይሸኛሉ። አዳራሹን ባለቀለም ወረቀት አልብሰው ሌላ ቦታ ያስመስሉታል። እሳቸው ከጭፈራው ይልቅ ያን ወረቀት ሲሰቅሉ ያደሩበትን ሌሊት ነው የሚያወሩት።

የቀለበቱ ስህተት የቋንቋችን ነው። እኛ ዘንድ «ቀለበት አሰረላት» ከተባለ ነገሩ አልቋል፣ ሽማግሌ ተልኳል። ከይርቡኩ ጋር በአንዲት ትንሽ ሣጥን የተቀመጠ ቀለበት ሳይ፣ «የባለቤትዎ ነው?» አልኩ። አይደለም። የትምህርት ቤት ቀለበት ነው፤ ወንዱ «ስቴዲ» ለሆነችው ልጅ ይሰጣታል፣ ማለት ከሌላ ጋር ላትወጣ፣ እሱም ላይወጣ። ለጣቷ ስለሚሰፋ ውስጡን በሱፍ ክር ትጠቀልለዋለች፣ ወይ በሐብል አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። የእኚህኛዋ ክር ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ ወደ ግራጫ ሄዷል። ሲጣሉ ቀለበቱ ይመለሳል፤ ይኼኛው ለምን እንዳልተመለሰ አልጠየቅሁም። ወላጆችና ቀሳውስት ግን ነገሩን እንደኛው ከጋብቻ ጋር አያይዘው ይፈሩት ነበር፣ ያለምክንያትም አይደለም፦ በእነሱ 1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያገቡት ሴቶች ግማሽ ያህሉ 20 ዓመት ገና የሞላቸው ወይም ከዚያ በታች ነበሩ።

ከልባሱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍም የፍቅር ደብዳቤ አታድርጉት። በየአቅጣጫው «ከፍቅር ጋር» የሚል ፊርማ ታገኛላችሁ። ይኼ አውቶግራፍ ነው፤ እኛም ክረምት ሊገባ ሲል ደብተር እያዞርን ያጻጻፍነው። «2 ጉድ 2 ቢ 4 ጎትን» የሚል ካያችሁ ቁጥሮቹን በእንግሊዝኛ አንብቧቸው፤ «እንዳትረሺ ሆነሽ የተፈጠርሽ» እንደማለት ነው፣ ለሃያ ሰው የተጻፈ።

ልብሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ፊልም ባሳየን ጂንስና የቆዳ ጃኬት አትፈልጓቸው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ወንዶችን ጂንስ ይከለክል፣ ሴቶችን ያለ ቀሚስ አያስገባም ነበር። ሹራብ ላይ የተሰፋው ትልቅ ፊደል ግን ጌጥ አይደለም፤ በስፖርት ተለፍቶበት የሚገኝ ነው።

ከሁሉም የከፋው «ያኔ እንዴት ደስ ይል ነበር!» ማለት ነው፣ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተማረ ሳያውቁ። በተለይ ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነ። ጥቁርና ነጭ ተማሪን ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ያለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የወጣው በእነሱ 1954 ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን በውሳኔው ማግስት አልተቀየረም። በ1955 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የክሪስፐስ አታክስ ትምህርት ቤት ልጆች፣ በኋላ ዝነኛ ተጫዋች የሆነው ኦስካር ሮበርትሰን ያለበት ቡድን፣ የግዛቱን የቅርጫት ኳስ ዋንጫ ወሰዱ። ጥቁሮች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ለሁሉም ክፍት የሆነ የግዛት ዋንጫ ሲያገኝ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ባህሉ ሻምፒዮኑ በእሳት አደጋ መኪና ተጭኖ መሐል ከተማው አደባባይ ላይ እንዲፈነጥዝ ነበር። እነሱን አደባባዩን አዙረው፣ ፈንጠዝያውን እዚያው ጥቁሮች ሰፈር ካለ ፓርክ ላይ አደረጉባቸው። ሮበርትሰን ይህን ሲያነሣ ኖሯል።

በአርካንሶ ግዛት ያለችው ሊትል ሮክም እንዲሁ። በ1957 የነጮች ብቻ ወደነበረው ሴንትራል ትምህርት ቤት በወታደር ታጅበው የገቡት ዘጠኙ ጥቁር ልጆች ክፍል ተቀመጡ እንጂ ክበብ፣ መዘምራን፣ ቡድን አልተፈቀደላቸውም። በቀጣዩ ግንቦት ኤርነስት ግሪን ከ600 በላይ ተመራቂዎች መካከል ብቸኛው ጥቁር ነበር። ለሌላው ይጨበጨባል፤ የሱ ስም ሲጠራ ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ከዚያ የግዛቱ ገዢ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ ብሎ የከተማውን አራት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ዘጋቸው። የሴንትራል ፉትቦል ቡድን ግን ግጥሚያውን ቀጠለ። ክፍል የለም፣ ኳስ አለ።

እና ለጥቁር አባት ወይም እናት «ይርቡክዎን ያሳዩኝ» አትበሉ፤ ራሳቸው ካመጡት እዩ። ትምህርት ቤቶቹ ሲቀላቀሉ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ የጥቁሮቹ ነበር፤ ዋንጫውም ስሙም የት እንደገባ የማይታወቅ አለ።

የመጨረሻው፣ የጀርባ ገጾቹን ዘሎ መዝጋት ነው። ፎቷቸው የሌለ ተማሪዎች ስም «ካሜራ አፋሮች» ተብሎ በትንንሽ ፊደል የሚሰፍርበት መጽሐፍ አለ። እኚያ እናት ጣታቸውን አንድ ስም ላይ አሳረፉ፤ የልብ ጓደኛቸው ናት። ካሜራ አልፈራችም። አርግዛ ነው፤ በዚያ ዘመን ያረገዘች ልጅ ከትምህርት ቤት ትባረር ነበር። ያስረገዛት ልጅ ግን በዚያው መጽሐፍ ገጽ 64 ላይ ከነኳሱ ቆሟል።